ያየነው ጉሮሮ የት ይቀመጣል? ከጋርሲያ መስታወት እስከ ሚሞሪ ካርድ

የዘንድሮው መጽሔት አዘጋጆች «ከሙያሽ ታሪክ አንድ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ መጀመሪያ የመጣልኝ የሰመመን መድኃኒቶች ታሪክ ነበር። እሱ ግን በየመማሪያ መጽሐፉ አለ። ስለዚህ ብዙም ያልተጻፈበትን፣ ዛሬ ግን በየኦፕሬሽን ክፍሉ ያለውን ነገር መረጥኩ። የሕመምተኛን ጉሮሮ በካሜራ ማየት ከጀመርን ወዲህ ምስሉ የት ይሄዳል? ጥያቄው የዕቃ ግምጃ ቤት ጥያቄ ይመስላል። ታሪኩን ወደ ኋላ ሄደን ስናየው ግን የሕመምተኛው ጥያቄ ነው፤ ተኝቶ ሳለ ስለተቀረጸ ምስሉ መኖሩን እንኳ የማያውቀው የሕመምተኛው።

ከሌላ ፋኩልቲ ለተመረቃችሁ በአጭሩ ላስረዳ። ሙሉ ሰመመን የተሰጠው ሰው በራሱ በደንብ አይተነፍስም። ስለዚህ በአፉ በኩል፣ በሁለቱ የድምፅ አውታሮች መካከል ቱቦ አሳልፈን ወደ አየር ቧንቧው እናስገባለን። ላሪንጎስኮፕ የምንለው መሣሪያ ምላሱን አንስቶ መግቢያውን ያሳየናል። መግቢያው ካልታየ ጭንቀት ነው። ኦክስጅን ለጥቂት ደቂቃዎች ከተቋረጠ አንጎል ይጎዳል፤ ከዚያ ያለፈውን መናገር አያስፈልግም። እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ «አስቸጋሪ የመተንፈሻ መንገድ ያለው» እንለዋለን። «አየር መንገድ» ብንለው ቦሌ ይወስደናል።

አንድ ዓይን ብቻ ያየው ዘመን

የዚህ ሙያ ታሪክ የሚጀምረው ከሐኪም ሳይሆን ከዘፈን አስተማሪ ነው። ስፔናዊው ማኑኤል ጋርሲያ እ.ኤ.አ. በ1854 በጥርስ ሐኪም መስታወትና በፀሐይ ብርሃን የገዛ ራሱን የድምፅ አውታሮች ሲንቀሳቀሱ አየ፤ በዓመቱም ያየውን ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1895 አልፍሬድ ኪርስታይን በርሊን ውስጥ ያለ መስታወት፣ በቀጥታ ማንቁርትን ማየት እንደሚቻል አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1943 ደግሞ የኦክስፎርዱ ሮበርት ማኪንቶሽ ስሙን የያዘውን ቆልመም ያለ ብሌድ አስተዋወቀ። ይህ ብሌድ ዛሬም በየሆስፒታላችን ትሪ ላይ አለ።

በዚህ መካከል ምስል ማስቀረትም ተሞክሯል። ቶማስ ፍሬንች የተባለ የብሩክሊን ሐኪም በ1880ዎቹ የማንቁርት ፎቶግራፍ አንስቶ ለሙያ ባልደረቦቹ አሳይቷል። ይሁን እንጂ ፎቶው የጥቂቶች ጥበብ ሆኖ ቀረ። በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ ጉሮሮውን የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ላሪንጎስኮፑን የያዘው።

በዚያ መንገድ የተማርን ሁሉ እናስታውሳለን። መምህሩ ከኋላ ቆመው «ታየህ?» ይላሉ። ተማሪው «አዎ፣ ታየኝ» ይላል። መምህሩ ያለው አማራጭ ማመን ብቻ ነው። ተማሪው በእርግጥ ያየው ማንቁርቱን ይሁን የምግብ ቧንቧውን የሚታወቀው ደረቱ ሲነሳ ወይም ሆዱ ሲነፋ ነው። ያዩት ደግሞ ብሌዱ ሲወጣ አብሮ ይጠፋ ነበር። የሚያስቀምጥ ስለሌለ የማስቀመጥ ጥያቄም አልነበረም።

በምስል ፈንታ ቁጥር

የሚጠፋውን እይታ ለቀጣዩ ሐኪም ለማስተላለፍ ሙያው ቁጥር ፈጠረ። እ.ኤ.አ. በ1984 ኮርማክና ሊሄን የሚታየውን ነገር በ4 ደረጃ ከፈሉት፤ ሙሉ መግቢያው ከታየ ግሬድ 1፣ ምንም ካልታየ ግሬድ 4። በሚቀጥለው ዓመት ማላምፓቲና ባልደረቦቹ ሕመምተኛው ከመተኛቱ በፊት አፉን አስከፍቶ የሚመዘንበትን ዘዴ አሳተሙ። ከሚታዩት ምልክቶች ዋናው እንጥል ነው።

እዚህ ላይ የኛ አገር ነገር ይገባል። በልጅነቱ እንጥሉ የተቆረጠ ስንት ሰው ነው አፉን ከፍቶልን የምናየው? «እማማ፣ አፍዎን ይክፈቱልኝ» ብለን ስናይ የምንፈልገው ምልክት ከብዙ ዓመት በፊት በባህላዊ መንገድ ተወግዷል። መለኪያው የተሠራው እንጥል ላለው ሰው ነው። በትልቅ እንቅርት ወደ ጎን የተገፋ የአየር ቧንቧ፣ አንገትን ከደረት ያጣበቀ የቃጠሎ ጠባሳ፣ ዘግይቶ የመጣ የአፍ ዕጢ፤ እነዚህም በውጭ የመማሪያ መጽሐፍ አትላስ ላይ በብዛት የማናገኛቸው፣ እኛ ግን በሥራ ላይ የምናውቃቸው ናቸው።

ቁጥሩ ሌላም ጉድለት አለው። «ግሬድ 3» ተብሎ በሰመመን ቅጹ ላይ ሲጻፍ ምክንያቱ አይነገርም። ምን እንዳስቸገረ፣ በስንተኛው ሙከራ እንደተሳካ፣ የትኛው ብሌድ እንደረዳ፣ ከዚያ አንድ አሃዝ ላይ ማንም ሊያነበው አይችልም። ከ5 ዓመት በኋላ በሌላ ሆስፒታል ሌሊት ለሚጠራው ተረኛ የሚያስፈልገው ደግሞ ይኸው ነው።

ፊልሙ የሕመምተኛው ነበር

አሁን ወደ ሌላ ምስል ላሻግራችሁ፤ ወደ ራጅ። የሕክምና ፋኩልቲው እ.ኤ.አ. በ1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ከተከፈተ ጀምሮ በየራውንዱ ያለፍን ትውልዶች በሙሉ አንድ ነገር አይተናል። ሕመምተኛው ራጁን በትልቅ ፖስታ ይዞ ይመጣል። ቤቱ ወስዶ ከቁም ሳጥን ጀርባ ወይም ከፍራሽ ሥር ያስቀምጠዋል። ሌላ ሐኪም ሲሄድ ያወጣዋል። ክፍለ ሀገር የሚኖር ከሆነ አውቶቡስ ላይ እንዳይታጠፍ አቅፎት ይመጣል።

ማንም ይህን «ፖሊሲ» ብሎ አልጻፈውም። ማከማቻ ስላልነበረን የመጣ ልማድ ይመስለኛል። ውጤቱ ግን ትልቅ ነበር። ሕመምተኛው ምስሉ እንዳለ ያውቃል፤ ምስሉም እሱ የሄደበት ይሄዳል። ካርዱ ከካርድ ክፍል ቢጠፋ እንኳ ፊልሙ ቤት ውስጥ አለ። ፊልሙ ላይ ስሙና ቀኑ ስላለ የሌላ ሰው ነው ብሎ መሳሳትም ብዙ አያጋጥምም።

ራጅ ወደ ኮምፒውተር ሲገባም ይህ አልተረሳም። የሬዲዮሎጂ ምስሎች የሚቀመጡበት ዳይኮም የተባለ ዓለም አቀፍ ደረጃ የሕመምተኛውን ስም፣ መለያ ቁጥርና ቀን ከምስሉ ጋር በአንድ ፋይል ያስራል። ምስሉ ከባለቤቱ እንዳይለይ ተብሎ የተሠራ ነው።

ስክሪኑ ሲመጣ

እ.ኤ.አ. በ2001 ጆን አለን ፔሲ የተባለ ካናዳዊ ቀዶ ሐኪም ግላይድስኮፕን ለገበያ አበቃ። በብሌዱ ጫፍ ላይ ትንሽ ካሜራ፣ ጎን ላይ ስክሪን። ከዚያ ሲ-ማክ፣ ማግራትና ሌሎችም ተከተሉ። ለ150 ዓመት ገደማ የአንድ ዓይን የነበረው እይታ በአንዴ የክፍሉ ሁሉ ሆነ። መምህሩ «ታየህ?» ማለታቸው ቀርቶ «ትንሽ ወደ ኋላ መለስ በል» ማለት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኮክሬን ግምገማም በአዋቂዎች ላይ ቪዲዮ ላሪንጎስኮፕ ያልተሳካ ሙከራን እንደሚቀንስ ደምድሟል።

እኛ ዘንድ ነገሩን ያፋጠነው ኮቪድ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ ሲገለጽ፣ ቱቦ የሚያስገባው ባለሙያ ፊቱን ከሕመምተኛው አፍ እንዲያርቅ ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ካሜራ ያለውን መሣሪያ ይመክሩ ነበር። ስለዚህ የዚያን ጊዜ ወረርሽኝ ብዙዎቻችንን ከስክሪኑ ጋር አስተዋወቀን። መሣሪያውን እንዴት እንደምንይዝ ሥልጠና ወሰድን። ስለ መቅረጫዋ ቁልፍ ግን ብዙም አልተወራም።

ቁልፏ ትንሽ ናት። ስትጫን ቪዲዮው ወደ ሚሞሪ ካርድ ወይም ወደ ፍላሽ ይገባል። ከዚያስ?

ስም የሌለው ፋይል

ከዚያ በኋላ ያለው ይህን ይመስላል። ፋይሉ የተራ ካሜራ ፋይል ነው። የሕመምተኛው ስምም የካርድ ቁጥርም አብዛኛውን ጊዜ የለበትም፤ ያለው ቀን፣ ሰዓትና ተራ ቁጥር ነው። ቀኑ ደግሞ የፈረንጅ ነው። ፋይሉ «13/03/2020፣ 20:15» ሲል የኛ ካርድ «4/7/2012፣ ከምሽቱ 2፡15» ይላል። ልዩነቱን መቀየር አያቅትም ትሉ ይሆናል። ታዲያ ሌሊቱንስ? መሣሪያው እኩለ ሌሊት ላይ ቀን ይቀይራል። ለኛ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የጻፈው ተረኛ የትናንቱን ቀን ቢያሰፍር በልማዳችን አልተሳሳተም። በዚያች ሌሊት ሁለት ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ከነበረ ግን የትኛው ፋይል የማን እንደሆነ ማን ይለያል? የመሣሪያው ባትሪ አልቆ ሰዓቱ ወደ ፋብሪካ መነሻው ከተመለሰ ደግሞ ጨርሶ አይገኝም።

ሚሞሪው ሲሞላ አንድ ሰው ቦታ ለማስለቀቅ ያጠፋል። የሚያጠፋው ዋጋ ያለውንም የሌለውንም በአንድነት ነው። መሣሪያው ተበላሽቶ ለጥገና ሲላክ ካርዱ ውስጡ ካለ የሕመምተኞቹ ምስል አብሮ ይሄዳል። ምስሉ ይጠቅመኛል ያለ ሬዚደንት ደግሞ ስክሪኑን በስልኩ ያነሳል፤ ስልኩ ፎቶዎችን በራሱ ወደ ኢንተርኔት የሚጭን ከሆነ ያ ጉሮሮ ከኦፕሬሽን ክፍሉ ሳይወጣ አገር አቋርጧል። በቴሌግራም ግሩፕ «እስቲ ይህን እዩ» ተብሎ ሲላክ ዓላማው ክፉ አይደለም፤ ምክር ፍለጋ ወይም ለማስተማር ነው። አንዳንዴም ሕይወት ያተርፋል። ይሁን እንጂ ከግሩፕ ማን እንዳወረደው ማንም አይቆጥርም።

«ጉሮሮ እኮ ፊት አይደለም፤ ማን ይለየዋል?» የሚል ክርክር በየሞርኒንጉ ሰምቻለሁ። ለተራው ሰው እውነት ነው። ግን ከምስሉ ጋር የሚላከውን ጽሑፍ እዩት፤ «የ34 ዓመት ሴት፣ ከእንዲህ ያለ ከተማ፣ ትልቅ እንቅርት፣ ዛሬ ጠዋት»። ጎረቤቷ እዚያ ግሩፕ ውስጥ ካለ ማን እንደሆነች ለማወቅ ፊቷን ማየት አያስፈልገውም።

ከቄራ የምንማረው

የምሠራው ቄራ አካባቢ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከከተማው ቄራ መሆኑን ለአዲስ አበቤ መንገር አያስፈልግም። ለኛ ሙያም ቄራ ባለውለታ ነው፤ አንገትን ቀዶ አየር የማስገባት ልምምድ በበግ ጉሮሮ ስለሚሠራ ለሥልጠና የሚሆነንን ከዚያው አስገዝተን እናውቃለን።

የሥጋ ምርመራ አንድ የቆየ መርህ አለው። መርማሪው ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ጭንቅላቱ፣ ሳንባውና ጉበቱ ከየትኛው ከብት እንደወጡ መታወቅ አለበት። ሳንባው ላይ በሽታ ቢገኝና የማን እንደሆነ ካልታወቀ ምርመራው ዋጋ የለውም። ሰውን ከሰንጋ ጋር ማወዳደሬ አይደለም። የምለው ይህ ነው፤ ለሥጋው የተጠነቀቅነውን ያህል ለሰው ጉሮሮ ምስል አልተጠነቀቅንም።

በዚህ አካባቢ ሌላም ነገር ይታያል። አንድ ሕመምተኛ ቄራ ባለ ክሊኒክ ይጀምራል፣ ካዛንቺስ ምርመራ ያሠራል፣ ዘውዲቱ ይላካል፣ መጨረሻ ላይ ጥቁር አንበሳ ይደርሳል። በየቦታው ካርድ አለው፤ ካርዶቹ ግን አይተዋወቁም። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ከካዛንቺስ ተነሥተው ወደ ከተማው ዳርቻ የሄዱ ቤተሰቦችን አስቡ። ሰዎቹ ሄዱ፤ ካርዳቸው የቀድሞው ሆስፒታል መደርደሪያ ላይ ቀረ። ከነሱ መካከል ቱቦ ለማስገባት ያስቸገረ ሰው ቢኖር በአዲሱ ሰፈሩ የሚቀበለው ባለሙያ ይህን ከየት ያውቃል? ራጅ ቢሆን ኖሮ ፖስታውን ከዕቃው ጋር ይጭነው ነበር።

ሕጉ ከካሜራው ቀድሟል

ብዙዎቻችን ይህ ጉዳይ ሕግ የለውም ብለን እናስባለን። አለው፤ ያውም የቆየ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይከለክላል። በአንቀጽ 28 ደግሞ ለሳይንስና ለማስተማር የሚጠቅም ከሆነ ፈቃድ የማያስፈልግበትን ሁኔታ ያስቀምጣል። መምህራን ሳናውቀው ስንመካበት የኖርነው በር ይህ ነው።

በሩ ግን ቀስ በቀስ ጠብቧል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን መብት አደረገ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሙያ ምስጢር ማውጣትን በአንቀጽ 399 ያስቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መረጃዎች መደበው። «ለማስተማር ነው» የሚለው መልስ በ1952 ይበቃ ይሆናል፤ ዛሬ ግን ማን ፈቀደ፣ የት ተቀመጠ፣ ማን አየው፣ መቼ ይጠፋል የሚሉት ጥያቄዎች አብረው ይመጣሉ።

ይህን ስል «እንግዲያው አንቅረጽ» ማለቴ አይደለም። ሁሉንም ማጥፋት ቀላሉ መንገድ ነው፤ የሚጎዳውም ሕመምተኛውን ነው። የእንቅርት ቀዶ ሕክምናን ውሰዱ። ለድምፅ አውታር የሚሄደው ነርቭ ከዕጢው አጠገብ ያልፋል። አውታሮቹ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይንቀሳቀሱ እንደነበር የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ካለ፣ በኋላ ድምፅ ቢሻክር ሕመምተኛዋም ቀዶ ሐኪሙም የሚነጋገሩበት እውነት አላቸው። ከሌለ የሚቀረው ክርክር ነው። ለትምህርትም ቢሆን በኛ ሕመምተኞች ላይ የተመሠረተ የምስል ስብስብ ቢኖረን፣ እንጥል ስለሌለው አፍና ስለ እንቅርት ጉሮሮ ከራሳችን ማስረጃ ተነስተን እናስተምር ነበር።

ምን ብናደርግ?

ትልቅ ሶፍትዌር እስኪገዛ መጠበቅ አያስፈልግም። አራት ነገሮችን ነገ መጀመር ይቻላል።

አንደኛ፣ ምክንያት ሲኖር ብቻ መቅረጽ። ያስቸገረ ጉሮሮ፣ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና፣ ወይም ፈቃድ የተገኘበት ትምህርት። ፈቃዱ የሚጠየቀው ሕመምተኛው ከመተኛቱ በፊት፣ ከቀዶ ሕክምናው ፈቃድ ተለይቶ፣ በሚገባው ቋንቋ ነው። ድንገተኛ ከሆነ ሲነቃ ይነገረው።

ሁለተኛ፣ ተረኛው ከመውጣቱ በፊት ፋይሉን በካርድ ቁጥር ሰይሞ በይለፍ ቃል ወደተዘጋ የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ማዛወር፤ መድረሱን ከፍቶ አይቶ ከመሣሪያው ማጥፋት። በሰመመን ቅጹ ላይ «ቪዲዮ አለ» ብሎ መጻፍ፣ የመሣሪያውን ሰዓትም አብሮ ማስፈር። መሣሪያው ለጥገና ከመሄዱ በፊት ሚሞሪው ይውጣ።

ሦስተኛ፣ ለማስተማሪያ የሚሆነውን ለብቻ ማስቀመጥ፤ ስም፣ ቁጥርና ቀን ተነስቶለት፣ ኃላፊ ተመድቦለት። የግል ስልክ ከዚህ ሥራ ይውጣ።

አራተኛውና ለኔ ዋናው፣ ላስቸገረን ሕመምተኛ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት መስጠት። ምን እንዳስቸገረ፣ ምን እንደሠራ፣ ምስሉ በየትኛው ሆስፒታል በየትኛው ቁጥር እንዳለ ይጻፍበት፤ ከተቻለ ምስሉም ይታተምበት። የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም ያስቸገረውን ሕመምተኛ ወይም ቤተሰቡን ማሳወቅንና በጽሑፍ ማስቀመጥን ይመክራል። እኛ ለዚህ ከማንም በላይ ዝግጁ ነን፤ ወረቀቱን ይዞ ዞሮ ለሚቀጥለው ሐኪም የሚያሳይ ሕመምተኛ አለንና።

በዚህ መገናኛ ላይ ከሕግ፣ ከኮምፒውተር ሳይንስና ከሕክምና የተመረቅን ሰዎች በአንድ አዳራሽ እንቀመጣለን። በሌላ ጊዜ አብረን አንገናኝም። ሻይ ስንጠጣ ከየባቹ አንድ አንድ ሰው ወጥቶ፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ረቂቅ ደንብና የዚያን ወረቀት ቅጽ ብናዘጋጅ፣ መምህራኑ በየክፍላቸው ሊሞክሩት ይችላሉ። ረቂቁን ለመጻፍ እኔ ፈቃደኛ ነኝ። የምፈልገው ሕጉን የሚያነብልኝ አንድ የሕግ ባለሙያና ፋይሉ እንዴት እንደሚዘጋ የሚያሳየኝ አንድ የኮምፒውተር ሰው ነው።